አባቴ መንገዱን ያያሉ፣ አደጋውንስ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ለገጣፎ ነው። አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። ከ40 ዓመት በላይ የጭነት መኪና ነድተው ነው ጡረታ የወጡት። አሁን የራሳቸውን ኮሮላ ይነዳሉ። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ወደ አያት ሰፈር ይሄዳሉ። እሁድ እሁድ ደግሞ ልጆቼን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ባለፉት ሦስት ወራት ሁለት ጊዜ ለጥቂት ተርፈዋል። አንዴ ባጃጅ፣ አንዴ የሰፈር ልጅ። ሁለቱንም ጊዜ ያሉት ‹ከየት መጣ?› ነው። መንጃ ፈቃዳቸውን ሲያሳድሱ የዓይን ምርመራውን አልፈዋል። ወንድሞቼ ቁልፉን እንቀማቸው ይላሉ። እኔ ይከብደኛል። አደጋን ቶሎ ማየት አለማየታቸውን የሚለይ ፈተና አለ? ወይስ በዚህ ዕድሜ ማቆም አለባቸው?»

መልስ፦ መጀመሪያ ሁለት ነገር ላርም። አንደኛው ዕድሜ ነው። 74 ቁጥር ነው እንጂ ምርመራ አይደለም። በ80 ዓመታቸው መንገዱን ከእኔ ቀድመው የሚያነቡ ሰዎች አጋጥመውኛል። በ55 ዓመታቸው ስኳር ዓይናቸውን ጎድቶት ከዳር የሚመጣውን የማይይዙም አሉ። ሁለተኛው የዓይን ምርመራው ነው። ግድግዳ ላይ የሚነበበው ሰሌዳ ጥቁር ምልክት በነጭ ላይ ነው። ብርሃን አለው፣ አይንቀሳቀስም፣ የሚያጣድፍም የለም። የለገጣፎ መንገድ ላይ ከእነዚህ አንዱንም አታገኚም። ስለዚህ ምርመራውን ማለፋቸው የሚነግርሽ ከፊት ለፊታቸው የቆመን ነገር አጥርተው እንደሚያዩ ብቻ ነው።

ከጻፍሽልኝ ሁሉ ይበልጥ የሚነግረኝ ያቺ «ከየት መጣ?» የምትለው ናት። ባጃጅ ከሰማይ አይወርድም። ከውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው የሚወጣው፣ ከመውጣቱ በፊትም ምልክት ይሰጣል። የፊት ጎማው ከግንብ አጥሩ ጥግ ብቅ ይላል። አቧራ ይነሳል። ዳር የቆሙ ሰዎች ወደዚያ ዞር ይላሉ። እነዚህን ቀድሞ አይቶ «ሊወጣ ነው» ብሎ ማሰብ ከዓይን ጥራት የተለየ ችሎታ ነው። አደጋን ቀድሞ ማንበብ እንበለው።

ምን ማለት እንደሆነ በቅርብ እንየው። ከፊትሽ ሚኒባስ ታክሲ እየሄደ ነው። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አወጣ። ዳር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የነበረች ሴት ዘንቢሏን አንስታ ብድግ አለች። ፍሬቻ የለም፣ የፍሬን መብራትም ገና አልበራም። ጥሩ ሾፌር እግሩን ከነዳጅ ላይ የሚያነሳው እዚህ ጋ ነው። ደካማው ሾፌር የሚያነሳው ታክሲው ጥግ ሳይዝ ቀጥ ሲል ነው። ሌላም ልጨምር። አህዮች ጭነት ተሸክመው በሰልፍ እየመጡ ነው እንበል። ሁለቱ ተሻግረዋል፣ ሦስተኛዋ ዳር ላይ ቆማለች። ባለቤቷ ከኋላ ነው፣ ዱላውም ከፍ ብሏል። ሦስተኛዋ ትሻገራለች፣ ምንም ጥያቄ የለውም። ወይም የቆመ ሲኖትራክ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ሁለት ትንንሽ እግሮች ይታያሉ። የልጁ ፊት አይታይም። እግሮቹ ግን ይበቃሉ።

ይህ ችሎታ በልምድ ነው የሚመጣው። አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ የ20 ዓመት ወጣት ዓይኑም እጁም ፈጣን ነው፣ ግን የት ማየት እንዳለበት አያውቅም። አባትሽ 40 ዓመት ያጠራቀሙት ይህንኑ ነው፣ እሱም በቀላሉ የሚጠፋ አይደለም። የሚደክመው መረጃውን የሚያመጣላቸው መንገድ ነው። በ60ዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ዓይን ውስጠኛው ክፍል የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ሌንሱ ይደፈርሳል። ከፊት የሚመጣ መኪና ረዥም መብራት ካበራባቸው በኋላ ዓይናቸው እስኪመለስ ይቆያል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ተቀራራቢ ቀለሞችን መለየት ማስቸገሩ ነው። አመሻሽ ላይ ግራጫ አህያ በግራጫ አስፋልት ላይ ይጠፋል። ነጠላ የለበሰች እናት ትታያለች፣ ጥቁር ኮት የለበሰ ሰውዬ አይታይም። እኔ ራሴ 59 ነኝ። ባለፈው ክረምት ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ስወርድ ጉም ውስጥ እንዲህ ያለ ሰውዬ ልገጭ ነበር። ከጎኔ የነበረችው ልጄ ናት የጮኸችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉም ባለበት ሰዓት በዚያ ቁልቁለት አልነዳም።

ሁለተኛው ደካማ ቦታ የትኩረት ስፋት ነው። አንድ ነገር ላይ አተኩረን እያለ ከዳር የሚመጣውንም የምንይዝበት ስፋት ማለቴ ነው። አንድ አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት ይህ ስፋት በ40 በመቶና ከዚያ በላይ የጠበበባቸውን አዛውንት አሽከርካሪዎች ለሦስት ዓመት ተከታትሏል። አደጋ የመግጠማቸው ዕድል ካልጠበበባቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። አባትሽ ጉድጓድ እየሸሹ ከሆነ ዓይናቸው ጉድጓዱ ላይ ነው። ባጃጁ የመጣው ከጎን ነው። ዓይናቸው ስለማያይ ሳይሆን ትኩረታቸው ሳይደርስበት ነው የቀረው።

ሦስተኛው አንገት ነው። የሚያስቅ ይመስላል። ሱሉልታ ውስጥ አንድ የቀድሞ የአይሱዙ ሾፌር ፈትኜ ነበር። ማንበቡን ተዪው። በግ የሚነዳውን ልጅ፣ በሩን ሊከፍት ያለውን የቆመ መኪና፣ ሁሉን ከእኔ ቀድመው ነበር የሚጠሩት። መገንጠያ ላይ ስንደርስ ግን ወደ ግራ ሲያዩ አንገታቸው ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። የቀረውን በግምት ነበር የሚሞሉት። ስፖኪዮአቸው ላይ ትንሽ ጎበጥ ያለች መስታወት አስለጠፍን፣ ከወገብ ጀምሮ መዞርን ለመዱ፣ ቤት የሚመለሱበትንም መንገድ ቀየርን። ሁለት ዓመት ተጨማሪ ነዱ። ከዚያ ራሳቸው አቆሙ።

«ቀስ ብለው ስለሚነዱ ችግር የለም» የሚል ነገር ቤታችሁ ውስጥ ሳይነገር አይቀርም። ግማሽ እውነት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሦስት ሚኒባስ ተሰልፎ ቢቆም ያህል ነው። በ30 ከሄደ ግማሹን ነው የሚጓዘው። ስለዚህ የዘገየን ዓይን ዝግታ ይረዳዋል። አባትሽ ወደ ግራ ታጥፈው ወደ ሰፈር ሲገቡ ግን ፍጥነቱን የሚወስኑት እሳቸው አይደሉም። ከሰንዳፋ በኩል እየወረደ የሚመጣው ሲኖትራክ ነው የሚወስነው። አዛውንት አሽከርካሪዎች በብዛት የሚጋጩት ቁልቁለት ላይ ወይም ደርበው ሲቀድሙ አይደለም። መገንጠያ ላይ፣ ቅድሚያ መስጠት ሲኖርባቸው ነው።

አሁን ወደ ፈተናው። አለ። እንግሊዝ ከ2002 ጀምሮ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሁሉ ይወስደዋል። በኮምፒውተር 14 አጫጭር ቪዲዮዎች ይታያሉ፣ ውስጣቸው 15 እየተፈጠሩ ያሉ አደጋዎች አሉ። ተፈታኙ አደጋው ሲጀማምር ቁልፍ ይጫናል። ቶሎ ከተጫነ 5 ነጥብ ነው፣ በዘገየ ቁጥር ይቀንሳል። ከ75ቱ 44 ያመጣ የቤት መኪና አሽከርካሪ ያልፋል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ፈተና ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆኑ ሰዎች ሰጥተው አይተዋል። ዘግይተው የሚጫኑትን ከሌሎቹ የለየው ከላይ የጠቀስኳቸው ናቸው፤ ተቀራራቢ ቀለም መለየት፣ የትኩረት ስፋትና የምላሽ ፍጥነት። ሌላም ደስ የሚል ነገር አግኝተዋል። አጭር የቪዲዮ ሥልጠና ብቻ ወስደው የተሻሻሉ አዛውንቶች ነበሩ።

ወንድሞችሽ የእንግሊዙን ቪዲዮ ከኢንተርኔት አውርደው አባትሽን እንዳይፈትኑበት ግን አደራ። እንግሊዝ በግራ ነው የሚነዳው። ለእኛ ሰው ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው የሚመጣው። አህያ የለበትም፣ ባጃጅ የለበትም፣ ረዳት የለበትም። 44 የምትለው ነጥብም ለጀማሪ የወጣች እንጂ የ74 ዓመት ሰው ይንዳ አይንዳ የምትበይን አይደለችም። ሐኪም ቤት ደግሞ ቁጥርና ፊደል እያፈራረቁ በመስመር የሚያገናኙበት የወረቀት ፈተና አለ። ጥሩ ፈተና ነው፣ ግን የተሠራው በላቲን ፊደል ነው። ሀ ሁ ብለው ፊደል የቆጠሩ ሰው በኤ ቢ ሲ ዘገዩ ተብሎ ሊፈረድባቸው አይገባም። ሐኪሙን «በእኛ ፊደል ያድርጉላቸው» ማለት መብትሽ ነው። ያም ሆኖ በአማርኛ ሲሆን የማለፊያው ደቂቃ እንዳለ አይወሰድም። አንድም ፈተና ብቻውን ይነዳሉ አይነዱም ብሎ አይፈርድም።

ስለዚህ እቤት የምትሠሪውን ልንገርሽ። ፀሐይ ባለበት ቀን፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ፣ አባትሽ ሁልጊዜ በሚሄዱበት መንገድ አብረሻቸው ውጪ። አንቺ ከፊት ቀኝ ወንበር ተቀምጠሽ መንገዱን በስልክ ቅረጪ። ቤት ስትመለሱ ቪዲዮውን ክፈቺና አንድ ነገር ሊፈጠር ሲል አቁመሽ ስክሪኑን ሸፍኚው። ሦስት ጥያቄ ጠይቂያቸው። ምን አዩ? የት ጋ ነው? ቀጥሎ ምን ይሆናል? ከወንድሞችሽ አንዱንም በዚያው ቪዲዮ ጠይቂው፣ ምናልባት እሱ ይወድቅ ይሆናል። አባትሽ «በስተግራ አህያዋ፣ ኋለኛዋ ትመጣለች» ካሉ ማንበባቸው ደህና ነው። ችግሩ ዓይን ወይም ፍጥነት ላይ ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ መላ አለው። ቪዲዮው ቆሞ፣ ጊዜ ተሰጥቷቸው፣ ደጋግመው አይተውም አደጋው የቱ ጋ እንደሆነ ካጡት ግን ከባድ ነው። ያኔ ንባቡ ራሱ እየሄደ ነው።

ሁለተኛው መንገድ እያወሩ መንዳት ነው። ጭር ባለ መንገድ ላይ የሚያዩትን ጮክ ብለው ይንገሩሽ። አደባባይና መገንጠያ ላይ አታናግሪያቸው። ማውራቱም ትኩረት ይሻማል። ዝምተኛ ሰው ከሆኑም ተዪው፣ ዝምታ አለማየት አይደለም። በዚያ ፈንታ የራስሽን እግር ተከታተዪ። ከጎን የተቀመጠ ሰው ሲደነግጥ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ወለሉን ስንት ጊዜ ረገጥሽ? ቁጠሪ። ሰው ክላክስ ሲነፋባቸው ለምን እንደሆነ ያውቃሉ? ይህንንም ጻፊ። በሌላ ቀን ሌላ ሰው አብሯቸው ይሂድና ለብቻው ይጻፍ። የሁለታችሁን ወረቀት አስተያዩ። አንዱ ተመልካች ፈሪ ሊሆን ይችላልና። ሁለተኛው ሰው ማን ቢሆን? ከአባትሽ ጋር የማይጨቃጨቅ፣ ቢቻል እሳቸው መንዳት ያስተማሩት ሰው። የራሳቸው ተማሪ ሲነግራቸው ይሰሙታል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሐኪም። የዓይን ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «መነጽር ይለካላቸው» ብቻ ብለሽ አትውጪ። ሞራ ግርዶሽ አለ ወይ? ግላኮማስ? ከዳር ያለው እይታቸው ይለካ። ግላኮማ ሳያምም፣ ሳይታወቅ፣ ከዳር ጀምሮ ነው የሚበላው። ሰሌዳውን እያነበቡ ግማሽ መንገዱን ላያዩ ይችላሉ። ሞራ ከሆነ ግን ዕድለኞች ናችሁ። በ2002 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው ሞራቸውን በቀዶ ጥገና ያስወጡ አሽከርካሪዎች የአደጋ መጠን ካላስወጡት ግማሽ ያህል ነበር። እኔ የማውቀው ለአዛውንት አሽከርካሪ ከዚህ የተሻለ የሠራ መፍትሔ የለም።

መድኃኒቶቻቸውንም በፌስታል ሰብስበሽ ይዘሽ ሂጂ። እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ዳያዜፓም፣ ለነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን፣ ለጉንፋን ክሎርፌኒራሚን የሚወስዱ ከሆነ ማግሥቱም ላይ ያደነዝዛል። በራስሽ ግን አታስቁሚ፣ ሐኪሙ ይቀይር። ስኳር ካለባቸው ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ ይጾማሉ? ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ እየወሰዱ፣ በፍልሰታ ሳይቀምሱ አስቀድሰው፣ ከቅዳሴ መልስ መሪ መጨበጥ አደገኛ ነው። ስኳር ሲወርድ ትኩረት ይሸሻል። ይህን ለሐኪሙም ለንስሐ አባታቸውም ንገሪ።

መኪናዋንም አትርሺ። የፊት መስታወቱን ከውስጥ በኩል ያጸዳው ሰው አለ? መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሁሉ አውርዱት። ዳሽቦርዱ ላይ የተነጠፈው ፀጉራም ምንጣፍ ፀሐይ ሲመታው መስታወቱ ላይ ያርፋል፣ እሱንም አንሱ። የፊት መብራቱ ሽፋን ቢጫ ከሆነ ይወልወል ወይም ይቀየር። ወንበራቸው ዝቅ ካለ ከፍ ይደረግ።

አሁን ውሳኔው። «ቁልፍ እንቀማ» የሚለውን አልደግፍም። ይህ ይሉኝታ አይደለም። ፊንላንድ ከ70 ዓመት በላይ የሆነን አሽከርካሪ ሐኪም ዘንድ ስታስገድድ ጎረቤቷ ስዊድን አታስገድድም ነበር። ሁለቱ አገሮች ሲነጻጸሩ የአዛውንት አሽከርካሪዎች አደጋ ልዩነት አልታየበትም። በፊንላንድ ግን በእግራቸው ሲሄዱ የሚሞቱት አዛውንቶች ይበዙ ነበር። መኪናውን ያስቀመጠ ሰው እግረኛ ይሆናላ! ለገጣፎ መንገድ ዳር በእግር መሄድ ምን እንደሚመስል ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ጃፓኖች ይሻላሉ መሰለኝ። ከ75 ዓመት ጀምሮ መንጃ ፈቃድ ሲታደስ የማስታወስና የማሰብ ፈተና አላቸው። ከ2022 ወዲህ ደግሞ የተወሰኑ ጥፋቶች የተመዘገቡበት አዛውንት መኪና ነድቶ ይፈተናል። የሚታየው ዕድሜው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የኔ ምክር ይሄ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የዓይን ሐኪሙ ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ማታ አይንዱ፣ ዝናብና ጉም ባለበት አይንዱ፣ ልጆቹን አይጫኑ። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ሁለት ጊዜ ለጥቂት መትረፍ በሦስት ወር ውስጥ ብዙ ነው። ከዚያ የሚታከመው ይታከም፣ መኪናዋ ትስተካከል። ቀጥሎ ሁለቱን የመንገድ ምልከታዎች አድርጉ። ሁለቱም ተመልካቾች ወለሉን ካልረገጡ፣ ቪዲዮውንም አባትሽ ካነበቡት፣ በቀን፣ በሚያውቁት መንገድ፣ ወደ ግራ መታጠፍን በሚቀንስ አቅጣጫ ይንዱ። በየስድስት ወሩ፣ አዲስ መድኃኒት በተጀመረ ቁጥርም ድገሙት። ከታከሙ በኋላም ሁለታችሁም ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ «አባ!» ብላችሁ መጮህ ካስፈለጋችሁ መንዳቱ አብቅቷል። ሦስተኛ ዕድል የሚባል ነገር አይኑር።

አንድ ነገር ከታየ ግን ምልከታም አያስፈልግ። በሚያውቁት መንገድ ከጠፉ፣ ነዳጅና ፍሬን ከተምታታባቸው፣ ወይም መኪናው ላይ አዲስ ጭረት ኖሮ እንዴት እንደመጣ ካላወቁ፣ በዚያው ቀን ያቁሙና ሐኪም ይያቸው።

አነጋገርሽን በተመለከተ፣ ባትሪ መንቀል፣ ቁልፍ መደበቅ፣ «መካኒኩ ጋ ነው» ማለት ይቅር። 40 ዓመት ከሞተር ጋር የኖሩ ሰው ናቸው፣ በአምስት ደቂቃ ይነቁባችኋል። ከነቁ ደግሞ ቀጣዩን ነገር ሁሉ አይሰሙም። ወንድሞችሽ ሁሉ ተሰብስበውም አይቀመጡ፣ ሽምግልና ሳይሆን ፍርድ ቤት ይመስላል። አንቺ ብቻሽን፣ ቡና ላይ፣ ባጃጁ የመጣበትን ቀን አንሺና «አባዬ፣ እኔም ደንግጬ ነበር፤ ዓይንዎን እናሳየው» በያቸው። ስለ ዕድሜ አንድም ቃል አታንሺ።

እስከዚያው እሁድ ጠዋት ልጆቹን አንቺ ንጂላቸው። አባትሽ ከፊት ይቀመጡና መንገዱን እየጠሩልሽ ይሂዱ። ከኋላ ካሉት ልጆች አንዱ ስልክ ይያዝና ይቅረጸው፤ የመጀመሪያው ቪዲዮሽ እሱ ይሆናል።